ከነጠላው ሥር ያለችው ልጅ

አምቦ ውስጥ፣ ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት፣ ልብስ የምሰፋባት ጠባብ ቤት አለችኝ። ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ዚፕ እቀይራለሁ፣ ሱሪ አሳጥራለሁ። ትምህርቴን ከሰባተኛ ክፍል ነው ያቋረጥኩት። ከዚያ ወዲህ የተማርኩት እጄ ከገባ መጽሐፍ፣ ከሬዲዮና ልብስ ሊያሰፉ መጥተው ከሚያወሩኝ ሰዎች ነው። ወሬ እወዳለሁ። ሐሜቱን ማለቴ አይደለም፤ ሰው የደረሰበትን ከሥሩ ጀምሮ ሲተርክ መስማት፣ ተራዬ ሲደርስ ደግሞ እኔም መተረክ ማለቴ ነው። ተማሪዎቹ «አዴ ዘነቡ» ይሉኛል፤ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። በዕረፍት ሰዓት በሬ ላይ ይኮለኮሉና አንድ ነገር ካላወራሽን አንሄድም ይላሉ። እኔም ለዚህ ተለምኜ አላውቅም።

የዛሬውን ወሬ ግን ለልጆች አውርቼው አላውቅም። ጥቂት ዓመታት አልፈውታል፤ የፈጀውም የአንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ነው። ያም ሆኖ አሁን እየጻፍኩት ሁለት ጊዜ ተነስቼ በሩ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ። እንግዲህ ታገሡኝ።

ነገሩ የጀመረው ከራሴ ወሬ ነው። በእርሻ ወሰን የተጣሉ ሁለት ወንድማማቾችን ታሪክ ለልጆቹ አውርቼላቸው ነበር። የአንደኛው ልጅ ልታስታርቅ መሐል ስትገባ የተወረወረ ድንጋይ ያገኛትና ትሞታለች፤ ወንድማማቾቹ በእሷ አስከሬን ላይ ይታረቃሉ። የድራማ ክበቡ ኃላፊ መምህር ለሚ ይህን ከተማሪዎቹ ሰማና ለወላጆች በዓል ድራማ አደረገው። ወጣት ነው፣ ችኩል ነው፣ ልጆቹን ይወዳል። እኔንም የአልባሳት ሰፊ አድርጎ ሾመኝ።

ልምምዱ ከትምህርት በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ ነበር። ለተማሪ ደግሞ ልምምድ ማለት አሳብቦ መጥፊያ ማለት ነው። አንዱ ኳስ ሊያይ ይሄዳል፣ አንዷ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን አለብኝ ትላለች፣ የገበያ ቀን ከሆነ ደግሞ ግማሹ የለም። መምህር ለሚ አቴንዳንስ ሲጠራ አንዱ ለሌላው «አለሁ» እያለ ይመልስለታል። ሲሰለቸው፣ ሁለት ጊዜ የቀረ ሰው ቦታው ለሌላ ይሰጣል ብሎ ደነገገና ቁጥጥሩን እኔ ላይ ጣለው። እኔ ስም መጥራት አልወደድኩም። በክፍሉ የኋላ ግድግዳ ላይ ምስማር መታሁና የእያንዳንዱን ልጅ የድራማ ልብስ ሰቀልኩ። የመጣ ልብሱን አውርዶ ይለብሳል። ሲጀመር ምስማር ላይ የቀረ ልብስ ካለ ባለቤቱ ቀርቷል። በሩ ላይ ተቀምጬ ቁልፍ እየተከልኩ አንድ ጊዜ ቀና ማለት ይበቃኝ ነበር። መምህር ለሚ «እትዬ ዘነቡ፣ እርስዎ እኮ ሚኒስትር መሆን ነበረብዎት» እያለ ይስቅ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ ልንገራችሁ፣ ያለ እሱ ወሬው አይገባችሁም። ልጆቹ የገጸ ባሕርያቱን ስም እየረሱ ስላስቸገሩ፣ መምህሩ ሁሉም በገዛ ስማቸው እንዲጫወቱ አድርጎ ነበር። ሐዊ በድራማውም ሐዊ ናት፣ እናትየዋን ነው የምትጫወተው። የምትሞተው ልጅ ደግሞ ሲምቦ።

ሲምቦ የጉደር ልጅ ናት። አምቦ ከጓደኛዋ ከቦንቱ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ነው የምትማረው። ሳቂታ ናት፤ በድራማው መጀመሪያ ላይ ስትናገር ሰው ሁሉ አፉን ይከፍትላት ነበር። እናቷ አዴ ቀበኔ ጉደር ገበያ ሽንኩርት የምትነግድ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሲምቦ ስልክ ስለሌላት እናቷ በእኔ ስልክ ነበር የምታገኛት። ሁለት ጊዜ መጥታም ታውቀኛለች፤ እቴ፣ ልጄን አደራ ብላኛለች።

የዚያን ቀን ልምምዱ የለቅሶው ክፍል ብቻ ነበር። ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። የቦንቱ ልብስ ተሰቅሏል፤ ቦንቱ ከደንቡ በፊትም መቅረት ልማዷ ስለነበር አልገረመኝም። የሲምቦ ምስማር ባዶ ነው። ሲምቦ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጋድማለች፣ ነጠላ ከላይ እስከ ታች ተሸፍኖባታል፤ የራስ ሻሿ ጫፍ ብቻ ብቅ ብሏል። ሐዊና ሌሎቹ ዙሪያዋን ይዘው ማልቀስ ጀመሩ።

ልጆቹ ለቅሶውን የለመዱት እዚያው ሰፈራቸው ነውና ማስተማር አላስፈለገም። እኔ ግን ትንሽ ጨምሬበት ነበር። ጮክ ብሎ መጮህ ለቅሶ አይደለም፣ ድምፁ ከወደ ታች ይምጣ፣ ስሟን ስትጠሩ እንድትመልስላችሁ የምትጠብቁ ምሰሉ ብዬ ነግሬያቸዋለሁ። ሐዊ በደንብ ሰምታኛለች። «ያ ሲምቦ ኮ! ኢንተላ ኮ!» ስትል፣ ሲምቦዬ ልጄ እያለች ስትጣራ፣ የእኔ ገላ ራሱ ይሸማቀቅ ነበር።

በዚያ መሐል ስልኬ ጠራ። አዴ ቀበኔ ነበረች። ከሰላምታ በኋላ ለሲምቦ በሚኒባስ ዱቄት ልኬላታለሁ፣ መናኸሪያ ሄዳ ትቀበል አለችኝ። እሺ ልል ስል አቋረጠችኝ። ከዚያ ቀስ ብላ፣

«አዴ ዘነቡ፣ ማነው የሚያለቅሰው?» አለችኝ።

ሐዊ ያን ጊዜ የሲምቦን ስም ትጠራ ነበር። ሳቄ መጣና «አይዞሽ እቴ፣ ልጆቹ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ። መስመሩ ተቋረጠ።

ደወልኩ፣ አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ። የዚያን ሰሞን የእኛ ኔትወርክ ሲመጣ የሚያስደስት እንግዳ ነበር እንጂ የቤት ሰው አልነበረም። ወጥቼ በሩ ላይ፣ ከዚያም ባንዲራው ጋ ቆሜ ሞከርኩ። ያኔ ነው የተናገርኩት ቃል ተመልሶ ጆሮዬ ውስጥ የገባው። ያቺ ሴት ልጇን በስሟ ሲያለቅሱላት ሰማች። ከእኔ የሰማችው የመጨረሻ ቃል ደግሞ «አይዞሽ» ነው።

ወደ ክፍሉ ተመለስኩና «ሲምቦ፣ ተነሽ፣ እናትሽ ደንግጣለች፣ ባገኘነው ስልክ እንደውልላት» አልኩ። ከነጠላው ሥር ማንም አልተነቃነቀም። ሄጄ ገለጥኩት። ቦንቱ ናት። የሲምቦን ልብስ ለብሳ፣ የሲምቦን ሻሽ አስራ፣ ዓይኗን ጨፍና ተጋድማለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። ቦንቱም ፊቴን ስታይ ሳቋ ጠፋ።

«ሲምቦ የት አለች?»

«ጉደር ሄዳለች። እንዳትነግሪያቸው ብላኛለች።»

ቀስ በቀስ ነገረችኝ። ሲምቦ ታላቅ እህት ነበረቻት፤ ታማ እዚያው ጉደር ሞታ ተቀበረች። እናትየዋ ከዚያ ወዲህ ሲምቦ እንቅልፍ ሲወስዳት እንኳ ተነስታ ትንፋሿን ታዳምጣለች። ሲምቦ ድራማውን ወዳዋለች፤ ነጠላው ሥር መጋደሙን ግን አልቻለችም። እናቴ ሳታውቅ መጥታ በወላጆች በዓል እንዲህ ብታየኝ ትወድቅብኛለች እያለች ትጨነቅ ነበር። ስለዚህ እናቷን ልታስፈቅድ ሄደች። ሁለት ጊዜ የቀረ ይቀየራል ስለተባለና ቀደም ሲል አንድ ቀን ቀርታ ስለነበር፣ ቦንቱ በእሷ ቦታ ተጋደመች። የዚያን ቀን አስከሬን ብቻ ስለሆነች ማንም አያውቅም ብለው ነው።

አያችሁ? ልጅቷ የሄደችው እናቷን ከዚያ ድንጋጤ ለማዳን ነው።

መምህር ለሚ ኔትወርኩ እስኪመጣ እንጠብቅ አለ። መጠበቅ ግን የማይሆንልኝ ሰው ነኝ። እሱ ለቅሶተኛ ከመጣ ሊቀበል እዚያው ቀረ፤ እኔ ቦንቱን እጇን ይዤ ወጣሁ፤ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ባጃጅ አስቆምኩ። ሾፌሩ ጉደር ድረስ አልሄድም ሊል ሲጀምር ቦንቱ ማልቀስ ስለጀመረች ዝም ብሎ አስነሳ።

ከከተማው ወጥተን ጥቂት እንደሄድን አንድ ሚኒባስ ጎማው ፈንድቶ ዳር ቆሟል። ተሳፋሪው ሣሩ ላይ ተቀምጧል። ባጃጁ ሳይቆም ዘልዬ ወረድኩ። ፊቱን ሁሉ አየሁ፣ ሲምቦ የለችም። ረዳቱን ስጠይቀው፣ አንዲት ተማሪ መቆየት ሰልችቷት በማሳው አቋርጣ ወደ ጉደር በእግሯ ሄዳለች አለኝ። ምን ለብሳ ነበር ስለው «ዩኒፎርም ነዋ» አለኝ። በዚያ መንገድ ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ ስንት አለች! መልኳንም አላስተዋለም። ያም ሆኖ ትንሽ ተነፈስኩ። እሷ ትሆናለች አልኩ። እሷ ናት አልኩ።

ከዚያ ብዙም ሳንሄድ ለቅሶተኛ የጫነ አይሱዙ መኪና መጣ።

ከሩቅ ነው ያወቅኩት። ወንዶቹ ከኋላ ቆመዋል፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረዋል። ሲቀርብ ድምፁ ተሰማ። አዴ ቀበኔ ጴንጤ ናትና የቤተ ክርስቲያኗ እህቶች መዝሙር ይዘምራሉ፤ የሰፈሩ ሴቶች ደግሞ ያለቅሳሉ፤ ሁለቱ ተደባልቆ መንገዱን ሞልቶታል። መሐል አስፋልቱ ላይ ቆሜ እጄን ዘረጋሁ። ፍሬኑ ጮኸ።

አዴ ቀበኔን ከፊት፣ ከሾፌሩ ጎን አስቀምጠዋት ነበር። ደግፈው አወረዷት። ፊቷ የእሷ አይመስልም።

«ልጄን የት አደረግሻት?» አለችኝ።

«ደህና ናት! እቴ፣ ሲምቦ ደህና ናት፣ አለች!»

ይህን ስል ከመኪናው ላይ ያለው ለቅሶ ጨመረ።

በእኛ አገር ሞት እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ማንም ሰው ፊት ለፊት ሞተች አይልም። ትንሽ አሟት ነው፣ ደህና ናት፣ አይዞሽ እየተባለ ቤት ድረስ ይወሰዳል፤ መርዶው ሰው ተሰብስቦ በማለዳ ነው። እዚያ መኪና ላይ ካሉት ውስጥ «ደህና ናት» ተብሎ ያልተሸኘ አንድም አልነበረም። እኔ ደህና ናት ባልኩ ቁጥር ለእነሱ መርዶ እያረዳሁ ነበር።

ድራማ ነው አልኩ፣ ልምምድ ነው አልኩ። ሴቶቹ እንደምታሳዝን ሰው ያዩኝ ጀመር። ይባስ ብሎ ቦንቱ ከኋላዬ መጣች፤ ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፣ የሲምቦን ሻሽ እንዳሰረች ነው። አዴ ቀበኔ ሻሹን አየችው። ቀስ ብላ ከልጅቷ ራስ ላይ ፈታችው፣ አፍንጫዋ ላይ አደረገችውና እዚያው አስፋልቱ ላይ ተቀመጠች።

የሟች ባሏ ወንድም ኦቦ ቶሎሳ ክንዴን ይዞ ወደ ዳር ወሰደኝ። ባርኔጣቸውን ከማይለቁ፣ ዝግ ብለው ከሚናገሩ ሽማግሌዎች አንዱ ነው።

«እህቴ፣ እኛ ወንዶች እንችለዋለን» አለኝ። «ለእኔ እውነቱን ንገሪኝ። ሆስፒታል ናት ወይስ ቤት?»

በእመቤታችን ብዬ ማልኩለት። እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ።

«መሐላውን አትጨርሺ፣ ኃጢአት ይሆንብሻል።»

ወደ አምቦ ሆስፒታል እንሂድ፣ አስከሬኑን እንቀበል ተባባሉ። አንዲት የቤተ ክርስቲያን እህት ጆሮዬ ላይ ቀርባ ቀበኔ ደም ብዛት አለባት፣ መድኃኒቷንም ዛሬ አልወሰደችም አለችኝ። አንገቷ ላይ ያለው ሥር ሲመታ ከቆምኩበት ይታየኝ ነበር። በልቤ ሄድኩበት፦ አምቦ ይገባሉ፣ ሆስፒታል በር ላይ አስከሬን ይጠይቃሉ፣ የለም ይባላሉ፣ ከክፍል ክፍል ይንከራተታሉ፤ ልጅቷ ደግሞ በተቃራኒው ጉደር ናት። ይህቺ ሴት እስከዚያ ትቆያለች?

ወደ ጉደር ማዞር አለብኝ። ልጅሽ በሕይወት ጉደር አለች ብላቸው ደግሞ ማንም አይዞርም፤ ከጉደር ነው የመጡት።

ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ። ነጠላዬን አስተካከልኩ። አንገቴን ደፋሁ። ልጆቹን ያስተማርኩትን፣ ከወደ ታች የሚመጣውን ድምፅ አወጣሁ።

«ኦቦ ቶሎሳ፣ አምቦ አትሂዱ» አልኩ። «ሲምቦን ወደ ቤት ወስደዋታል፣ መንገድ ላይ ተላልፋችሁ ነው። እዚያው ነው የምናገኛት።»

ባርኔጣውን አወለቀ። ሌላ ጥያቄ የጠየቀኝ የለም። ስምል ያላመነኝ ሰው ሁሉ ይህን ወዲያው አመነኝ። ሾፌሩ መሪውን ጠመዘዘና አይሱዙው በጠባቡ መንገድ ላይ ወደ ኋላና ወደ ፊት እያለ ዞረ።

ከፊት፣ ከአዴ ቀበኔ ጎን አስቀመጡኝ። ቦንቱን ባጃጁ ይዟት ከኋላ ተከተለን። እናትየዋ ራሷን ጭኔ ላይ ጣለች። ለቅሶዋን አቁማለች፤ ያ ደግሞ ከለቅሶው የባሰ ነው። በመስኮቱ ማሳውን እያየሁ ነው። አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ልጅ፣ አንዲት ብቻ ብትታየኝ። አንድ ገበሬና ሁለት በሬ አየሁ። አህያ የሚነዱ ሴቶች አየሁ። ረዳቱ ያያት ልጅ ሌላ ብትሆንስ? ሲምቦ ሚኒባሱ ላይ ጨርሶ ባትሳፈርስ? አንዲት ልጅ በመንገድ ላይ ስንት ነገር ሊያገኛት ይችላል? እየቆየ ሲሄድ ራሴም መፍራት ጀመርኩ፤ የተናገርኩት ነገር ከአፌ ወጥቶ እውነት ሊሆን ከፊታችን እየሮጠ መሰለኝ። ሾፌሩን ፍጠን ልለው እፈልጋለሁ፤ እንዳንደርስም እፈልጋለሁ።

አዴ ቀበኔ ዓይኗን ሳትከፍት ተናገረች።

«ስትሄድ ማን ነበር አጠገቧ?»

ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ አስተካከልኩላት።

«አንቺ ነበርሽ፣ አይደል?» አለች። እጄን ፈልጋ ያዘችው። «ብቻዋን አልነበረችም። አንቺ ነበርሽ። እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ እህቴ።»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? እኔ እጇን ጨበጥኩ።

ጉደር ገብተን ወደ ሰፈሯ ስንታጠፍ ድንኳኑ ታየኝ። እድሩ ቀድሞ ደርሷል። አንደኛው ወገን ቆሟል፣ ሌላው ገና ተንጠልጥሏል፣ ምሰሶ የያዘ ሰው ግን አልነበረም፤ ሁሉም ጥሎት ግቢ ገብቷል። ጩኸት ይሰማል። የምን ጩኸት እንደሆነ መለየት አቃተኝ። አዴ ቀበኔን እኔ ልደግፍ ሲገባኝ እሷ ላይ ተደግፌ ወረድኩ።

ሴቶቹ ግራና ቀኝ ተከፈሉ። ከመሐላቸው ጫማዋ በጭቃ የተለወሰ፣ ዩኒፎርሟ እሾህ የያዘው ልጅ እየሮጠች ወጣች።

«ሀርሜ!»

እናቴ ማለቷ ነው። ሲምቦ ናት።

ኋላ እንደሰማሁት በማሳው አቋርጣ ስትመጣ በራቸው ላይ ድንኳን ሲተከል ታያለች። ቤት ውስጥ ከእናቷ ሌላ የሚሞት ሰው የላትም። እናቴ ብላ እየጮኸች ስትገባ፣ ለእሷ ንፍሮ ይቀቅሉ የነበሩት ሴቶች የሞተችው ልጅ መጣች ብለው ማሰሮውን ጥለው ሸሹ። እሷን እናትሽ አለች ቢሏት አላመነችም። እናትሽ ደህና ናት ይሏታል፤ ደህና ናት ባሏት ቁጥር መሬት ላይ ትወድቃለች። እስክንደርስ ድረስ አንድ የእድር ሽማግሌ ክንዷን ይዘው ሊያረጋጓት ሲታገሉ ነበር።

እናትየዋ አልሮጠችም። ቆማ አየቻት። ሲምቦ አንገቷ ላይ ስትጠመጠም እንኳ እጆቿ ወደ ታች እንደተንጠለጠሉ ነበሩ። ከዚያ በአንድ እጇ የልጅቷን ፊት ዳሰሰች፤ ግንባሯን፣ አፏን፣ አገጯን። ትንፋሿን መዳፏ ላይ ጠበቀች።

«ኛቴ?» አለቻት። በልተሻል?

«አልበላሁም» አለች ሲምቦ፣ እያለቀሰች።

ያኔ ነው አዴ ቀበኔ የተቀመጠችው።

ያን ቀን ጉደር ላይ የሆነውን ሁሉ ብነግራችሁ አያልቅም። ሰው ከድንጋጤው ሲወጣ ሳቅ ያዘው። ኦቦ ቶሎሳ «ይህቺን ሴት ስትምል አላመንናትም፣ ስትዋሽ አመንናት» እያለ ለመጣው ሁሉ ያስተዋውቀኝ ጀመር። የተቀቀለው ንፍሮ ተበላ። ዘግይተው የደረሱ ሰዎች በሩ ላይ ቆመው እግዜር ያጽናሽ ይበሉ ወይስ እንኳን ደስ ያለሽ እየጨነቃቸው፣ ሁለቱንም ብለው ይገቡ ነበር።

አዴ ቀበኔ ግን አልሳቀችም። መድኃኒቷን ከወሰደች በኋላ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ አስጠራችኝ። ትሰድበኛለች ብዬ ነበር፣ ብትመታኝም አልሸሽም ነበር።

«መኪናው ውስጥ አጠብኳት» አለችኝ። «ገነዝኳት፣ አፈር አለበስኳት። አሁን እሷ እዚያ ጓዳ ውስጥ እየበላች ነው፣ ይታየኛል። ያ የቀበርኩት ግን ከውስጤ አልወጣም። እስኪወጣልኝ አብረሽኝ ትቀመጫለሽ።»

ተቀመጥኩ። ለሞተ ሰው እንደሚቀመጡት ሦስት ቀን፣ መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ፣ ከእሷ ጎን። አንዳንዴ ታለቅሳለች፤ ለታላቂቱ ልጅ ይሁን ለሲምቦ አልጠይቃትም። ሲምቦ ራሷ ውኃ ታቀብለን ነበር። በሁለተኛው ቀን ልጅቷ ያስመጣትን ነገር ተናገረች፤ ድራማው ላይ መሞት አለብኝ፣ ፍቀጂልኝ አለች። እናትየዋ ወደ እኔ ዞረች።

«እነዚያ ወንድማማቾች ልጅ ካልሞተላቸው መታረቅ አይችሉም?» ብላ ጠየቀችኝ።

ወሬው የእኔ ነው፣ እንዲህ ብዬ ግን አስቤው አላውቅም። በሦስተኛው ቀን ፊቷን ታጠበች፣ ሽንኩርቷን ጭና ገበያ ወጣች። ሲምቦን ደግሞ ወደ ትምህርት ቤቷ መለሰቻት፤ በአንድ ውል። ከእንግዲህ የኪራይ ክፍል የለም። ከእኔ ጋር ትኖራለች።

ድራማው ተቀየረ፤ ልጅቷ ቆሰለች እንጂ አልሞተችም። መምህር ለሚ በጣም ቅር ብሎት ነበር፣ እውነቱን ለመናገር ድራማውም ትንሽ ቀዘቀዘ፤ ሰዉ እንደታሰበው አላለቀሰም። ስሞቹንም ቀየርናቸው። ምስማሮቹን ነቀልኳቸው። አሁን የሚመጣው ልጅ ሁሉ እኔ ጋ ቀርቦ እጄን ይጨብጣል፣ ዓይኑን አያለሁ፣ ያልተመቸው ነገር እንዳለ እጠይቀዋለሁ። ጊዜ ይፈጃል። ልምምዱ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚጀመረው።

እናንተ አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን ተማርሽ ብትሉኝ ጥርት ያለ ነገር የለኝም። አንድ ጥያቄ ግን ዛሬም ከስፌት መኪናዬ ላይ ያስነሳኛል። በማሳው የሄደችው ልጅ ሌላ ሆና ቢሆንስ? ያ ድንኳን በር ላይ ማንም ባይኖርስ? ብዙ ሰው ጥሩ አደረግሽ ይለኛል፤ ጥሩ ያደረገው ግን ልጅቷ መገኘቷ ነው። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ወሬ ሰው የሚደሰትበት ነገር ይመስለኝ ነበር። በዚያ አስፋልት ላይ አንገቴን ስደፋ ሰዎቹ እንዴት እንዳመኑኝ አይቻለሁና፣ አሁን ለልጆች እንኳ ሳወራ ፊታቸውን እያየሁ ነው።

ሲምቦ ከእኔ ጋር አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፤ ዛሬ ባኮ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። እኔ ልጅ አልወለድኩም። ሰው ልጅሽ ናት ወይ ሲለኝ አዎ ማለት የለመድኩት በእሷ ነው።

ባለፈው ዓመት አዴ ቀበኔ ልትጠይቀኝ መጥታ፣ ሁለታችን ብቻ ስንሆን፣ ዓመታት ሆዴ ውስጥ የነበረውን አወጣሁት። ያኔ መኪናው ውስጥ፣ አጠገቧ አንቺ ነበርሽ ብለሽ ስታመሰግኚኝ ዝም አልኩሽ፣ ይቅር ብለሽኛል ወይ አልኳት። ሻይዋን አስቀመጠች።

«ይቅርታው ሌላ ነው» አለችኝ። «እኔ ያን ምስጋና መልሼ አልወሰድኩትም። ልጄን ከአንቺ ጋር ያኖርኳት ለምን ይመስልሻል? አጠገቧ ሳትሆኚ አመስግኜሽ ነበር። እንድትሆኚ ብዬ ነው።»